ወደ ጌዴኦ ተራሮች ለሚወጣ እንግዳ

አገርን ዞሮ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዳሩ ግን አገር ለማየት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚሄድበት ስፍራ ለእርሱ መመልከቻ፣ ለሌላው ሰው ግን መኖሪያ ቤት መሆኑ ነው። ይህ እውነት በየትም አገር የሚሠራ ቢሆንም፣ በጌዴኦ እንደሚታየው ያህል ጐልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቤተ ሰቦቻቸው ጋራ ወደ ዲላና በአካባቢዋ ወዳሉት ተራሮች ለመሄድ የሚያስቡ አንባቢዎቻችን መንገዱን፣ የሚታየውን ነገርና የእንግዳውን ወግ አስቀድመው ያውቁ ዘንድ ይህን ጥቂት ቃል ጻፍን።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ትገኛለች። ከሐዋሳ የተነሣ መንገደኛ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ይደርስባታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የነዋሪዎቿ ቍጥር 59,150 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዩኒቨርሲቲውም፣ የቡናው ንግድም ከተማዪቱን እጅግ አስፍተዋታል። በከተማው ውስጥ ለመዘዋወር ባጃጅ ይበቃል። ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄዱ ሚኒባሶች ደግሞ በአውራ ጐዳናው ላይ ይመላለሳሉ።

ይሁን እንጂ ጌዴኦን የሚያውቀው ከአውራ ጐዳናው ወጥቶ ሽቅብ የሚሄድ ሰው ነው። ዲላ፣ ወናጎና ይርጋ ጨፌ በአንድ መሥመር ላይ ተሰልፈው ሳለ፣ ምድሩ በስተምሥራቅ እየከፋ ወደ ደጋው ይወጣል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ የተራሮቹ ራስ ግን ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በዲላ በሸሚዝ የወጣ መንገደኛ ቡሌ በደረሰ ጊዜ ጋቢ ይፈልጋል። በዝናም ወራት የጥርጊያው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን መኪና ይይዛል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለመንገደኛ ይሻላል።

በባሕር ማዶ፣ ለምሳሌ በደቡብ እስፔን፣ በኮረብታ ራስ ላይ የተሠሩ ትንንሽ ከተሞች አሉ። አርኮስ ዴ ላ ፍሮንቴራ ከእነዚህ አንዲቱ ናት፤ ቅጽል ስሟም በክርስቲያኖችና በእስላሞች መካከል በነበረው የጥንት ድንበር ላይ መኖሯን ያመለክታል። በእንደዚህ ያሉ ከተሞች ሕዝቡ ለመጠበቅ ሲል ቤቱን አጠጋግቶ ስለ ሠራ ጐዳናው ጠባብ ነው፤ ጐብኚውም መኪናውን ከታች ትቶ በግንብና በግንብ መካከል በእግሩ ይወጣል። በዚያ መንገዱና ቤቱ በግድግዳ ይለያሉ፤ እንግዳው እስከ የት መሄድ እንደሚገባው ግድግዳው ራሱ ይነግረዋል።

የጌዴኦ ተራራ ግን እንዲህ አይደለም። ከግርጌው እስከ ራሱ ሰው ሞልቶበታል፤ ቢሆንም ቤቶቹ አይታዩም። በ1999ኙ ቈጠራ የዞኑ ሕዝብ 847,434 ስለ ነበረ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ያህል ይኖር ነበር ማለት ነው። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ተራራውን በሩቅ አይቶ ጫካ ነው ይላል። ጫካ የመሰለው ነገር ግን እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከእነርሱም በታች እንሰት፣ ከእንሰቱ በታች ቡና፣ ከቡናውም ሥር ጐመንና ሌላው አትክልት ይበቅላል። ትልልቁ ዛፍ ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ የረገፈው ቅጠል ምድሩን ያዳብራል፤ እንሰቱ ርጥበት ይይዛል፤ የሁሉም ሥር ተደጋግፎ ቀጥ ያለውን ተረተር ከጐርፍ ይጠብቃል። ያን የሚያህል ሕዝብ በዚያ ተዳፋት ላይ ሊኖር የቻለው በዚህ ጥበብ ነው።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ከዚህ አንድ ነገር ይረዳል። በጌዴኦ ግድግዳ የሌለበት መንገድ ሁሉ የሰው ደጅ ነው። ጫካ ውስጥ ገባሁ የሚል እንግዳ ሳያውቀው በአንድ ቤተ ሰብ ጓሮ እየሄደ ነው፤ የረገጠው ቡቃያ ከዓመታት በኋላ ፍሬ የሚሰጥ የቡና ችግኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቀጭኑ መንገድ አለመውጣት፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ማለት፣ ለማለፍም ማስፈቀድ ይገባል። የአገሩን ሰላምታ ከዲላ ሳይወጡ መማር ይቻላል፤ ልጆች በደስታ ያስተምራሉ።

ከሚታየው ነገር ሁሉ ይልቅ ብዙ ጐብኚ የሚስበው የጥንቱ ትክል ድንጋይ ነው። በዞኑ ከ60 በሚበልጡ ስፍራዎች 10,000 የሚሆን ትክል ድንጋይ እንዳለ ሊቃውንቱ ይገምታሉ። ከወናጎ በላይ በሚገኘው በቱቱ ፈላ የሰው ፊትና እጅ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ፤ በጨልባ ቱቱቲ ደግሞ በቍመታቸው የሚያስደንቁ ይገኛሉ። በ1920ዎቹ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ፈረንሳዊው መነኵሴ አባ አዛይስ ስለ እነዚህ ድንጋዮች ለውጭው ዓለም አስታወቁ። ከብዙ ዓመት በኋላም ሮዤ ዡሶም የተባሉ ሌላ ፈረንሳዊ ሊቅ ቱቱ ፈላን ቈፍረው መካነ መቃብር መሆኑን አሳዩ። በሳካሮ ሶዶ የተደረገውና በ2021 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይፋ የሆነው ጥናት ደግሞ፣ ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ምእት ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በኋላ የቆሙ መሆናቸውን ገለጸ፤ ይህም ቀድሞ ከሚታሰበው በአንድ ሺሕ ዓመት ያህል ይቀድማል። በዲላ አቅራቢያም በወንዝ ገደል ላይ የተቀረጹ የከብት ምስሎች ይታያሉ።

ወደ እነዚህ ስፍራዎች የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በዲላ ወዳለው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ቢሄድ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰውም ቢይዝ ድካሙ ይቀንስለታል። በስፍራው የሚጠብቁትን ሽማግሌዎች ሳያነጋግሩ መግባት ነውር ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቻችንን ይዘን በወጣን ጊዜ አንድ ልጅ ዘመም ባለ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ሲል ጠባቂው ሽማግሌ አዩት። አልተቈጡም፤ እጁን ይዘው ወደ ራሳቸው ዱካ ወሰዱትና፣ «ልጄ፣ ከደከመህ እዚህ ተቀመጥ፤ ያ የተኛ ሰው ነው» አሉት። ልጁም፣ «ይቅርታ አባቴ» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ከተማሪዎቹ ማንም ድንጋዩን የነካ አልነበረም። ከማንኛውም የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይልቅ ይህ ቃል ይበልጣል።

በተራሮቹ መካከል በአባቶች ሥርዐት የተጠበቁ ደኖችም አሉ። ዛሬ አብዛኛው የጌዴኦ ሕዝብ የወንጌላውያን አማኝ ነው፤ ኦርቶዶክሳውያንም በከተሞቹና በየመንደሩ ይኖራሉ፤ የጥንቱን ሥርዐት የሚጠብቁ ሽማግሌዎችም አልጠፉም። እኛ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለውን ጽድና ወይራ ማንም እንዳይቈርጠው የምንከለክል ሰዎች፣ በሌላው ሕዝብ ዘንድ ስለ ተከበረ ዛፍ ለመረዳት ሊያቅተን አይገባም። እምነታችን ሌላ ቢሆንም አክብሮታችን ሊጐድል አይገባም።

ስለ ምግብ ለሚጨነቁ እናቶች እንንገራቸው፤ በጾም ወራትም ቢሆን የሚበላ አይታጣም። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ከጐመን ጋራ የጾም ምግብ ነው። ቡናውማ በዓለም ገበያ የይርጋ ጨፌን ስም ያስጠራ ነው። በለቀማ ጊዜ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ቀዩ ፍሬ ተፈልፍሎ ታጥቦ በቆጥ አልጋ ላይ ሲሰጣ ይታያል፤ ሴቶችም የተበላሸውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ልጆች እጃቸውን እንዳይሰዱበት ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በአልጋው ላይ ያለው የአንድ ቤት የዓመት ጉሮሮ ነውና። ሰውን ፎቶግራፍ ለማንሣትም ፈቃዱን መጠየቅ ተገቢ ነው። መንገድ ለመራ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ተነጋግሮ በሙሉ መክፈል፣ የሚገዛውንም ከባለ እጁ መግዛት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ቤቱን ጥሎ የወጣና የተመለሰ ሰው ደጁ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ያውቃል። ስለዚህ እንግዳው ከመሄዱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ፤ ከደረሰም በኋላ ባለቤቱ ካላነሣው በቀር ያን ቍስል በጥያቄ አይነካካ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዩኔስኮ ጉባኤ በሪያድ ተሰብስቦ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ዛፍ አይተክልም፣ ድንጋይም አይጠብቅም። የሚተክለውና የሚጠብቀው ያ ገበሬ ነው። መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል እየጠበበ ይሄዳል፤ ትልቁን ዛፍ ቈርጦ መሸጥም ለዛሬ ችግር ቀላል መፍትሔ ሆኖ ይታየዋል። የገበሬው ልጅ አባቱ የሚያውቀው ነገር ከሩቅ የመጣን ሰው የሚያስደንቅ መሆኑን ካየ፣ ያን ዕውቀት ሊወርስ ይወዳል። እንግዳው ግን ቡቃያውን ረግጦ፣ ሽማግሌውን ሳያነጋግር፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ ቢሄድ፣ ልጁ የሚማረው ሌላ ትምህርት ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ ጌዴኦን በአንድ ቀን ጨርሼ ልመለስ የሚል ሰው ድካሙን እንጂ አገሩን አያይም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት በዲላ ወይም በይርጋ ጨፌ ይደር፤ አንዱን ቀን ለድንጋዮቹ፣ ሌላውን ለእርሻው ይስጥ፤ በእግሩም ይሂድ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ከመኪናው ሳይወርዱ ይህን አንድ ቃል ንገሯቸው፦ የምንሄድበት ጫካ አይደለም፤ የሰው ቤት ነው።