ቤተ ክርስቲያን በሕግ፣ በትምህርት ቤትና በእናቶች ጤና ላይ ምን ድርሻ አላት?



በየአጥቢያችን ከእሁድ አምልኮ በኋላ ለሽማግሌዎችና ለመጋቢዎች የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ አባት፣ «መንግሥት ለምን የእግዚአብሔርን ቃል የአገሪቱ ሕግ አያደርገውም?» ይላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሆነ ወንድም፣ «ክፍሌን በጸሎት ብጀምር ምን አለበት?» ብሎ ይጠይቃል። በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ እህት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጽንስ ለማቋረጥ የምትመጣ ሴት ሲመደብልኝ ምን ላድርግ?» ትላለች።

ሦስቱም ጥያቄዎች ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እምነታችን ሌላውንም ሰው በሚመለከት ጉዳይ ውስጥ እስከ የት ድረስ ሊገባ ይገባዋል? ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት ከየት እንደመጣን እናስታውስ።

ልንረሳው የማይገባን ታሪክ

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። ከዚያም በፊት በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለሁለት ከፍሏት ነበር። በአንደኛው ክፍል ሚስዮናውያን እንዲያስተምሩ ተፈቀደላቸው፤ በሌላው ግን ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ቢከፍቱም የራሳቸውን ትምህርተ ሃይማኖት እንዳያስፋፉ ተከለከሉ።

ሕግና ሃይማኖት አንድ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ አባቶቻችን በአካላቸው አይተውታል። የሙሉ ወንጌል አማኞች በ1959 ዓ.ም. ሕጋዊ እውቅና ቢጠይቁም ተከለከሉ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ለአምልኮ ተሰብስበው ሳለ ብዙዎቹ ታስረዋል። ጥፋታቸው ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ነበር የተባለው፤ ፈቃዱን የከለከላቸው ግን ያው መንግሥት ነው።

ደርግ ሲመጣ የመንግሥት ሃይማኖት ቀረ። በቦታው ግን እግዚአብሔርን የሚክድ ርዕዮተ ዓለም ተተካ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ መሪዎቿ ታሰሩ።

እንግዲህ ወገኖች ሆይ፣ በአንድ ሃይማኖት ስምም ሆነ በሃይማኖት የለሽነት ስም የመንግሥት እጅ በኅሊና ላይ ሲጫን ምን እንደሚመስል ከኛ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የዛሬው ሕግ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ የማምለክና የማስተማር ነፃነት እንዳለው ያረጋግጣል።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ክርስቲያን ስለ አገሩ ሕግ አይናገር ማለት ነው?» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። የተከለከለው ቤተ ክርስቲያን እንደ ተቋም የመንግሥትን ሥልጣን መያዟ፣ መንግሥትም የቤተ ክርስቲያንን መድረክ መያዙ ነው። አማኝ ግን ዜጋ ነው። እንደ ማንኛውም ዜጋ ይመርጣል፣ ይመረጣል፣ ሐሳቡን ይጽፋል፣ አቤቱታ ያቀርባል። ሕግ አውጪዎች ሲሰሙት ግን ለአማኝ ጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ለማያምነውም የሚገባ ምክንያት ይዞ ሊቀርብ ይገባዋል።

ሕጉ ለሃይማኖት ቦታ የሰጠባቸው ስፍራዎችም አሉ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ እንደ ሕጋዊ ጋብቻ ይቀበላል፤ ሆኖም ሙሽሮቹ 18 ዓመት የሞላቸውና ፈቃደኞች መሆን አለባቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ መንገድ ሲከፍት፣ ተከራካሪዎቹ እስከ ተስማሙ ድረስ ብሎ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የሚሠሩት በዚሁ መሠረት ነው። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ቦታ ቁልፉ ፈቃደኝነት ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት

አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህል ጭፍን ጥላቻ በጸዳ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። የትምህርት ሚኒስቴር በትምህርት ተቋማት ስለሚደረግ አምልኮ ያወጣው መመሪያም ግቢውን የስብከትና የጋራ አምልኮ ስፍራ ማድረግን አይፈቅድም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረት በአቅራቢያ ባለ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲሰበሰብ ያያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በክፍሉ መጸለይ የሚፈልገው ወንድማችን ይህ ይከብደው ይሆናል። እስቲ ግን ይህን ቁጥር አብረን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶ ነበሩ። በጋምቤላ 70 በመቶ ያህል፣ በወቅቱ በነበረው የደቡብ ክልል 55.5 በመቶ ነበሩ። በአማራ ክልል ግን 0.2 በመቶ፣ በትግራይ 0.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። በጋምቤላ ያለ አማኝ መምህር ክፍሉን በኢየሱስ ስም ቢጀምር ጥቂት ተማሪዎች ዝም ብለው አንገታቸውን ይደፉ ይሆናል። በጎንደር ያለች የአማኝ ልጅ ግን መምህሯ በእርሱ እምነት ሥርዓት ክፍሉን ሲጀምር አንገቷን የምትደፋው ብቸኛዋ ልጅ ልትሆን ትችላለች። በጋምቤላ ለራሳችን የምንጠይቀውን በጎንደር ለሌላው ልንከለክል አንችልም። ጌታችን ያስተማረን ሚዛን፣ ሰዎች ሊያደርጉልን የምንወደውን እንድናደርግላቸው ነው (ማቴ 7፥12)።

ይህ ሚዛን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይሠራል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታቸው ሲታገዱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የገዛ ኅሊናውን የሚለብስ ተማሪና የሌላውን ኅሊና የሚያዝ መምህር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ነፃነት ነው፤ ሁለተኛው ሥልጣን ነው።

ታዲያ የልጆቻችን መንፈሳዊ ትምህርት የት ይሰጥ? ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይመልሳል። ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት፣ ምእመናንም የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት እንዳላቸው በአንቀጽ 27 ሰፍሯል። እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። በሳምንት አንድ ሰዓት ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ በቤት ደግሞ ምንም ሳንሰጥ፣ የቀረውን የመንግሥት መምህር እንዲሞላልን መጠበቅ ተገቢ ነውን? (ዘዳ 6፥6-7)።

በእናቶች ጤናና በጽንስ ማቋረጥ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድ የሕይወት ወይም የጤና አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ሕጉ ይህን ቢልም ብዙ ሴቶች በድብቅ፣ በአደገኛ መንገድ እያስወረዱ ይሞቱ ነበር። አዲሱ ሕግ ሲረቀቅ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞችና የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ሕጉ እንዲላላ ጠየቁ፤ የሃይማኖት ወገኖች ተቃወሙ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በመካከል ቆመ። ጽንስ ማቋረጥ ወንጀል መሆኑ ቀጠለ፤ አንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘረዘረ። እነዚህም ፅንሱ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ነው። በመደፈር ጉዳይ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል።

በጽንስ ላይ ስላለው ሕይወት መጽሐፍ ቅዱስን ስናነብ (መዝ 139፥13-16) አብዛኞቻችን ጽንስ ማቋረጥን ኃጢአት እንላለን። በመደፈር ወይም የእናት ሕይወት በሚያልፍበት ጊዜ ስለሚደረገው ግን በአማኞች መካከል እንኳ የአመለካከት ልዩነት አለ። ይህን ልዩነት መደበቅ አይጠቅመንም።

ለነርሷ እህታችን ችግሩ የክርክር ርእስ ሳይሆን የዛሬ ከሰዓት ተራዋ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት የወሊድ መከላከያን፣ በሕግ የተፈቀደ ጽንስ ማቋረጥንና ደም መስጠትን እምቢ ማለት እንደማይችል ደንግጓል። በዚህ ላይ ሁለት እውነቶችን አንድ ላይ መያዝ አለብን። አንደኛ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ አንድ ብቻ ከሆነች፣ የእርሷ እምቢታ ለተደፈረች የ14 ዓመት ልጅ በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ኅሊናን አስገድዶ ማሠራት አባቶቻችን የተሰቃዩበት ነገር ነው። በመሆኑም ሌላ ባለሙያ ባለበት ስፍራ ኅሊናዋ እንዲከበርላት፣ ታካሚዋም ሳትንገላታ አገልግሎት እንድታገኝ የሚያስችል ደንብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድም አለን። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷልና።

እስከዚያው፣ እህቴ ሆይ፣ ምደባሽን አስቀድመሽ ከኃላፊሽ ጋር ተነጋገሪ፤ በመሥሪያ ቤትሽ የሚሠራበትን ደንብ አንብቢ። ነገር ግን ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት በምንም ምክንያት አትመልሺ። ምሥጢሯንም ለማንም፣ ለጸሎት ኅብረት እንኳ፣ አታውጪ።

ያለ ሕግ ኃይል የተሠራ ሥራ

እምነት የእናቶችን ጤና የለወጠባቸውን ሁለት ምሳሌዎች እናንሣ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በክርስቲያናዊ እምነታቸው ተነሣሥተው ነው። በረጅም ምጥ ምክንያት ፊስቱላ ይዟቸው ከቤተሰብ የተገለሉ ሴቶችን አይተው እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ይህን ሥራ አልተዉም። የመጡትንም ሴቶች ሃይማኖታቸውን ሳይለዩ አከሙ።

በከምባታ ደግሞ አብዛኛው ሕዝብ ወንጌላዊ አማኝ ሆኖ ሳለ የሴት ልጅ ግርዛት ሥር ሰዶ ነበር። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለወራት ተወያዩ። ያልተገረዙ ልጃገረዶች በአደባባይ ተዳሩ። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ግርዛትን ሲከለክል ልብ መለወጥ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ሕግ የጎደለውን ሲያጠናቅቅ፣ ልብን የለወጠው ግን ውይይት ነው።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው፤ የቀረውም ገና ብዙ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለአባታችን፦ የእግዚአብሔርን ቃል በቤታችንና በኑሯችን እናጽና። መንግሥት የእኛን እምነት በጉልበት እንዲያስፈጽም መጠየቅ ነገ የሌላው እምነት በእኛ ላይ እንዲፈጸም በር መክፈት ነው (ማቴ 22፥21)።

ለመምህሩ፦ ወደ ክፍል ከመግባትህ በፊት በልብህ ጸልይ። ከገባህ በኋላ በሰዓቱ በመገኘት፣ ፈተና ባለመሸጥ፣ ድሀውን ተማሪ ባለመናቅ መስክር (1ጴጥ 3፥15-16)።

ለነርሷ፦ ብቻሽን አይደለሽም። ሸክምሽን ልንካፈል ይገባናል።

ለሁላችንም አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። በአጥቢያችሁ ሳታገባ ያረገዘች ልጅ ብትኖር በቅድሚያ የምትሰማው የተግሣጽ ደብዳቤ ነው ወይስ «ልጅሽን አብረን እናሳድጋለን» የሚል ድምፅ? የመጀመሪያው ከሆነ፣ ወደ ድብቅ ክፍል የላካት የ1997ቱ ሕግ ብቻ አይደለም፤ እኛም አለንበት። ሕግ እንዲጠብቅ ከመጮኻችን በፊት ቤታችንን እንክፈት (ያዕ 2፥15-17)።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።