ፕሮሶፒስን ከላይ ቆርጣችሁ አትተዉት

አሳይታ ላይ ማሳ ለማጽዳት ለተነሳችሁ ሁሉ፦ አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉት ፕሮሶፒስ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ አይሞትም። ጉቶው ዙሪያውን ያቆጠቁጥና አንዱ ግንድ ብዙ ሆኖ ይመለሳል። ስንት ጉልበት እንዲህ ሲባክን አይቻለሁ! መጀመሪያ ቅርንጫፉን መልምሉ። ከዚያ የግንዱን ዙሪያ በዶማ ቆፍራችሁ፣ ከአፈሩ ወለል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳችሁ በመጥረቢያ ቁረጡት፤ የሚያቆጠቁጠው ዓይን ያለው ከዚያ በላይ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ሞረድ ከእጃችሁ አይራቅ።

በሸበጥ ግን አትግቡ፤ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል። ወፍራም ቦት ጫማ፣ የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። እሾህ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ፣ ሳይመረቅዝ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የበሰለውን ፍሬ ከብት እንዳያገኘው ለዩት፤ ዘሩ በእበት ወጥቶ ይበቅላል። ለመኖ ከፈለጋችሁት ዘሩ እስኪደቅ አስፈጩት።