ስደተኛው የሲኒማ ተዋናይ

ቋንቋውን በማታውቁት አገር ገበያ ብትወጡ ምን ታደርጋላችሁ? በእጃችሁ ታሳያላችሁ፤ በጣታችሁ ትቆጥራላችሁ፤ ዋጋው ቢበዛባችሁ ፊታችሁን ታኮሳትራላችሁ፤ ቢስማማችሁ ፈገግ ትላላችሁ። ሻጩም ይገባዋል። ፊት ያለ አስተርጓሚ ይናገራልና። ዛሬ የምንነግራችሁ በፊቱ እንጀራውን ስላገኘ፣ በኋላም በአንደበቱ ምክንያት እንጀራውን ስላጣ አንድ ሩሲያዊ ተዋናይ ነው። ስሙ ኢቫን ሞዡኺን ይባላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢቫን በ1889 ፔንዛ በሚባለው የሩሲያ ክፍለ ሀገር ተወለደ። አባቱ የአንድ መስፍን ሰፊ ርስት አስተዳዳሪ ነበሩ። ልጁ አድጎ ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገባና ሁለት ዓመት ያህል ሕግ ተማረ። ልቡ ግን ከትምህርቱ ላይ አልነበረም። ጥሎት ወጣና ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ትያትር ከሚያሳይ ቡድን ጋር ተቀላቀለ። መድረክ ላይ መቆምን፣ ድምፅ አውጥቶ መናገርን፣ ሌላ ሰው መስሎ መታየትን የተማረው እንዲህ እየዞረ ነው። በኋላም ሞስኮ ተመልሶ በመድረክ ላይ ሠራ።

በ1911 ወደ ሲኒማ ገባ። ሲኒማ ማለት በነጭ ሸራ ላይ በብርሃን የሚታይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይናገርም ነበር። ሰውዬው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ይታያል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። ታዲያ ተመልካቹ ምን እንደተባለ በምን ያውቃል? ሥዕሉ ለጥቂት ጊዜ ይቋረጥና ንግግሩ በጽሑፍ ሸራው ላይ ይወጣል። ማንበብ የሚችል ያነባል፤ የማይችል አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። የቀረውን ሁሉ የሚናገረው የተዋናዩ ፊት ነው።

ኢቫን በዚህ ሙያ ተካነ። ቶልስቶይ የተባለው ታላቅ ደራሲ ከጻፈው ታሪክ የተሠራ «አባ ሰርጊየስ» የሚባል ፊልም በ1918 ታይቶ ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ኢቫን መጀመሪያ ወጣት መኮንን፣ ቀጥሎ መነኩሴ፣ በመጨረሻም ያረጀ መንገደኛ ሆኖ ይታያል። አንድ ሰው ነው፤ ግን የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ በፊቱ ላይ ያልፋል።

በ1917 ሩሲያ ውስጥ አብዮት ፈነዳ። የርስ በርስ ጦርነትም ተከተለ። ኢቫንና የሥራ ጓደኞቹ በጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ያልታ ከተማ ወረዱ። በ1920 መጀመሪያ ላይም መርከብ ተሳፍረው አገራቸውን ለቀቁ። በቁስጥንጥንያ በኩል አድርገው ፈረንሳይ ገቡ። የሚገርመው ነገር በስደት መንገድ ላይ ሳሉም ሥራቸውን አላቆሙም። እየተጓዙ ፊልም ያነሱ ነበር።

ኢቫን ቢሄድም ፊቱ አገሩ ቀርቶ ነበር። ኩሌሾቭ የተባለ የሲኒማ ባለሙያ ከአሮጌ ፊልም ላይ የኢቫንን ፊት ቆርጦ ወሰደ። ፊቱ አላዘነም፤ አልሳቀም፤ ዝም ያለ ነው። ይህንኑ አንድ ፊት ከሦስት ሥዕሎች ጋር አገጣጠመው፤ ከአንድ ሳህን ሾርባ ጋር፣ በሬሳ ሣጥን ከተኛች ሴት ጋር፣ ከምትጫወት ትንሽ ልጅ ጋር። ፑዶቭኪን የተባለው ባልደረባው እንደተረከው፣ ተመልካቹ ሾርባውን ሲያይ «ሰውዬው በሐሳብ ተውጧል» አለ። ሬሳውን ሲያይ «እንዴት አዝኗል!» አለ። ልጅቷን ሲያይ «ደስ ብሎታል» አለ። ፊቱ ግን ያው አንዱ ፊት ነበር! ከዚህ የምንረዳው፣ በፊልም ላይ የምናየውን ነገር ትርጉም የሚሰጠው ከጎኑ የተቀመጠው ሌላው ሥዕል ጭምር መሆኑን ነው።

ፓሪስ ውስጥ ኢቫን በጣም ተሳካለት። በ1923 ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱም የተጫወተበት ፊልም አወጣ። በ1924 ኪን የተባለውን እንግሊዛዊ የመድረክ ተዋናይ፣ በ1926 ሚሼል ስትሮጎፍ የተባለውን የንጉሥ መልእክተኛ፣ በ1927 ካዛኖቫን ሆኖ ተጫወተ። «ፈረንሳይኛው ለጆሮ የሚከብድ እንግዳ ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ፊልሙ ድምፅ ስላልነበረው አነጋገሩን የሚሰማ የለም። ፈረንሳይ ሲታይ ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ይሆናል፤ ጀርመን ሲሄድ ያ ጽሑፍ ተቆርጦ በጀርመንኛ ይተካል። ፊቱ የማንም ቋንቋ አልነበረም። ስደተኛውን ከባዕድ ሕዝብ ጋር ያገናኘው ድልድይ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል።

በ1927 አሜሪካ ሄዶ አንድ ፊልም ብቻ ሠራና ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ግን እዚያው አሜሪካ ተዋናዮች ሲናገሩና ሲዘፍኑ የሚሰማበት ረጅም ፊልም ወጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየአገሩ ሰው ድምፅ የሌለውን ፊልም ተወው። ድልድዩ ፈረሰ።

ኢቫን ድምፅ የሌለው ሰው አልነበረም እኮ! ሥራውን የጀመረው በመድረክ ላይ ተናግሮ ነው። ነገር ግን ያ የሠለጠነ ድምፅ ሩሲያኛ ነበር። ፈረንሳይኛ ሲናገር ባዕድነቱ ወዲያው ያስታውቃል። ትናንት ፈረንሳዊም እንግሊዛዊም ሆኖ ሲጫወት ያመነው ተመልካች፣ አንደበቱን ሲሰማ ስደተኛውን አየ። ሥራው እየቀነሰ ሄደ። በ1936 በመጨረሻው ፊልሙ የተሰጠው ትንሽ ድርሻ ነው። በጥር 1939 ኑሮው እንደጎደለ፣ ፓሪስ አጠገብ በሳምባ ነቀርሳ ሞተ። ዕድሜው ገና 49 ዓመት ነበር።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር አሰብን። ኢቫን ችሎታውን አላጣም፤ ሥራው ነው ከሥሩ የተለወጠበት። ሰው አገሩን ሲለቅ እጁንና ፊቱን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋውንም ይዞ ይሄዳል፤ የሚሰማውን ሕዝብ ግን ይዞ ሊሄድ አይችልም። የኢቫን ድምፅ አልባ ፊልሞች ዛሬም ተጠብቀው ይታያሉ። የእሱን ቋንቋ የማያውቅ ሰው ጽሑፉን በራሱ ቋንቋ እያነበበ፣ ፊቱን እያየ፣ የሆነውን ሁሉ ይረዳል።