ማንን ለማየት ይኬዳል? የጉራጌ ምድር ቅዱሳት ስፍራዎችና የሂንዱ ቤተ መቅደስ

ሙስሊሙና ኦርቶዶክሱ ተጎራብተው በሚኖሩበት በመስቃንና በአካባቢው፣ ለስለት ወይም ለበረከት ወደ ቅዱስ ስፍራ መሄድ የሁለቱም ሃይማኖት ተከታዮች የቆየ ልማድ ነው። የሚኬድባቸው ስፍራዎች ግን በመልክ እጅግ ይለያያሉ፤ አንዱ ስመ ጥር ገዳም፣ ሌላው የሼኽ ግቢ፣ ሌላው ደግሞ ግንብም ጣሪያም የሌለው ጥብቅ ደን ነው። እነዚህን በሕንፃቸው ግዝፈት ደረጃ ማውጣት ብዙም አያስኬድም፤ ዋናው ልዩነት ተሳላሚው በስፍራው ማንን ወይም ምንን ለማግኘት እንደሚሄድ ነውና። ይህን ለመረዳት የሕንድን የሂንዱ ቤተ መቅደሶች አብሮ ማየት ይጠቅማል።

በደቡብ ሕንድ ታንጃቩር ከተማ የሚገኘውና የቾላው ንጉሥ ራጃራጃ ያሠራው የብሪሃዲስቫራ ቤተ መቅደስ በ1010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተጠናቀቀ፤ ከግራናይት ድንጋይ የተሠራው ግንቡም ከ60 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይወጣል። ይህ ሁሉ ግዝፈት የተሠራው ግን ጋርባግሪሃ በመባል የሚታወቀውን፣ የአምላኩ ምስል የሚቀመጥበትን ጨለምለም ያለ ውስጠኛ ክፍል ለመክበብ ነው። ጫማውን አውልቆ የገባው ምእመን ዋና ጉዳዩ ዳርሻን ሲሆን፣ ይኸውም አምላኩን በዓይን ማየትና በአምላኩም መታየት ማለት ነው። ሲወጣም ለአምላኩ ቀርቦ ከተባረከው ምግብ፣ ማለትም ከፕራሳድ፣ ድርሻውን ይቀበላል። በመንገድ ዳር፣ ከዛፍ ሥር፣ ቀይ ዱቄት የተቀባ አንድ ድንጋይ ብቻ ያለበት ስፍራ ላይም ያው ዳርሻን ይፈጸማል፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ እጁን አጋጥሞ ያልፋል፣ ካህን ባይኖርም ጉብኝቱ አይጎድልም።

በሶዶ የሚገኘው የምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በአንበሶችና በነብሮች ተከብበው የሚሣሉት፣ ሕዝቡ «አቦ» እያለ የሚጠራቸው ጻድቅ ከግብፅ መጥተው በዝቋላና በምድረ ከብድ እንደኖሩ ገድላቸውና ትውፊቱ ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያንም እንደ ሂንዱው ቤተ መቅደስ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር እየከበረች ትሄዳለች፤ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ። ነገር ግን በመቅደሱ ያለው ታቦት ለምእመን ዓይን አይገለጥም፤ በንግሥ ቀን እንኳ የሚወጣው በካህን ራስ ላይ ሆኖ፣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ነው። ሂንዱው ለማየት ሲሄድ ኦርቶዶክሱ የሚሄደው ለማይታየው ለመስገድ ነው ማለት ይቻላል፤ በእጅ የሚያዘው ጠበሉና እምነት የተባለው የተባረከ አፈር ሲሆን፣ ይህም ከፕራሳድ ጋር የሚቀራረብ አገልግሎት አለው።

ከወልቂጤ በስተደቡብ፣ በቸሃ ምድር የሚገኘው አብሬት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። አብሬት የቃዲሪያ ሥርዓት ተከታዮች ማዕከል ነው፤ ቃዲሪያ በ1166 (እ.ኤ.አ.) ባረፉት የባግዳዱ ሼኽ አብዱልቃድር አል ጀይላኒ ስም የሚጠራ የሱፊ መንገድ ሲሆን፣ አብሬትን ያቀኑት ሰይድ ቡደላ ናቸው፤ መሪነቱም በቤተሰባቸው ውስጥ ዘልቋል። እዚህ ለዚያራ፣ ማለትም ለጉብኝትና ለበረካ፣ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ምስልም ታቦትም አይደለም። የሚፈልገው የሞቱትን ሼኽ መቃብር፣ በሕይወት ያሉትንም ዱዓ ነው። በሐድራው፣ ማለትም በጸሎትና በመንዙማ ጉባኤው፣ ክርስቲያኖችም ስለት ይዘው ይገኛሉ፤ የሃይማኖት ልዩነት እንደ ግድግዳ ብቻ ለሚታያቸው ሰዎች ይህ ሊያስገርም ይችላል።

ከሁሉም ትሑቱ ከነባሩ እምነት የቀረው ጥብቅ ደን ነው። ዊሊያም ሻክ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉራጌ ጥናት እንደሚገልጸው፣ ዋቅ ከጦርነት፣ ቦዠ ከመብረቅና ሌባን ከመቅጣት፣ ደሟሚት ደግሞ ከሴቶችና ከጤና ጋር የተያያዙ መለኮታት ነበሩ። የቦዠ ፍርሃት ንብረትን ከዘበኛ ይልቅ ይጠብቅ ስለነበር፣ ሥልጣኑ ሕንፃ አላስፈለገውም። የጢያ ትክል ድንጋዮች ግን በተቃራኒው ድንጋዩ ቀርቶ ሥርዓቱ የጠፋባቸው ናቸው፤ ከ36ቱ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ1980 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል፣ ዛሬ የሚጎበኛቸውም ተሳላሚ ሳይሆን ቱሪስት ነው።

ወደነዚህ ስፍራዎች ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ቀኑን አስቀድሞ ቢያጣራ ይበጀዋል። የአቦ ዓመታዊ በዓል ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ይከበራል፤ የመጋቢቱ ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ድግሱ የጾም ነው። የአብሬት መውሊድ ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚከበር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል።