ሬዚስታንሱ ላይ ከመፍረድ በፊት ቆጣሪውን መጠየቅ

የኤሌክትሪክ ምድጃ “አልሞቅ አለ” ወይም “አልቀንስ አለ” ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው ሬዚስታንሱ ላይ እንፈርዳለን። ጠጋኙ ይቀይረዋል፣ እኛም እንከፍላለን፤ ችግሩ ግን አንዳንዴ እዚያው ይቀራል። ሙቀቱን የሚሰጠው ሬዚስታንሱ ቢሆንም መጠኑን የሚወስነው ሌላ ነውና።

ይህ ተቆጣጣሪ በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው ቴርሞስታት ነው፤ የተፈለገው ሙቀት ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል። ሁለተኛው ሙቀት አይለካም፤ በየጊዜው ያበራል፣ ያጠፋል። ቁልፉ ዝቅ ሲል የሚበራበት ጊዜ ያጥራል እንጂ ሲበራ የሚወስደው ሙሉ ኃይሉን ነው። ሦስተኛው ኃይሉን በእርግጥ የሚቀንሰው ባለ ደረጃ ቁልፍ ነው። እያንዳንዳቸው 1000 ዋት የሆኑ ሁለት ሬዚስታንሶች በፓራለል ሲገናኙ 2000፣ አንዱ ብቻውን ሲሠራ 1000፣ በሲሪየስ ሲያያዙ 500 ዋት ይሰጣሉ።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ምድጃውን መፍታት አያስፈልግም፤ ምስክሩ ቆጣሪው ነው። በቤት ያለውን ሌላ ነገር ሁሉ አጥፉ። ቀዝቃዛ ውኃ የሞላበት ትልቅ ድስት ጥዳችሁ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ከፍተኛው፣ ቀጥሎ ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። የቆጣሪው መብራት ብልጭ የሚልበትን፣ አሮጌ ከሆነም ዲስኩ የሚዞርበትን ፍጥነት አነጻጽሩ። በዝቅተኛው ላይ ሳያቋርጥ በዝግታ ከሄደ ኃይሉ በእርግጥ ቀንሷል። ገና ከጅምሩ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ከቆመና እንደገና ከተነሣ በጊዜ የሚቆራርጠው ነው። ረዘም ላለ ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ቆይቶ ምድጃው ሲሞቅ ብቻ ካቆመ ቴርሞስታት ነው። በሁሉም ደረጃ እኩል ሄዶ ፈጽሞ ካላቆመ ጥፋቱ የተቆጣጣሪው እንጂ የሬዚስታንሱ አይደለም።

አንድ ተጠርጣሪ ግን ከቤት ውጭ ነው። 220 ቮልት ወደ 190 ሲወርድ ቮልቴጁ በ14 በመቶ ቢቀንስም ኃይሉ የሚቀንሰው በ25 በመቶ ገደማ ነው፤ የ3500 ዋት ምጣድ ወደ 2600 ይወርዳል። ምጣዱ የሚያስቸግረው ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ መለካት ያለበት መስመሩ ነው።

በውኃ ማሞቂያ ላይ ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ የግፊት ማስተንፈሻውም ካልሠራ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። ማሞቂያው አልቆም ካለ ብሬከሩን አውርዱና ባለሙያ ጥሩ፤ ባለሙያው ሲመጣም አስቀድሞ ቴርሞስታቱን እንዲመረምር ጠይቁት።