የጎረቤትን ማዕድ ማወቅ፦ አንድ ቀን በሐረር ጀጎል

ወላጆቻችሁ ስለ ሀገራቸው ሲያወሩ "ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ይኖራል" ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ እውነት ነው፤ ውጭ ሀገር ላደገ ልጅ ግን አብሮ መኖሩ በየዕለቱ እንዴት እንደሚሠራ አይነግረውም። ይህን በእግር እየተጓዙ፣ እየቀመሱና በየደጃፉ ጫማ እያወለቁ ለማየት ከሐረር የተሻለ ከተማ አላውቅም።

በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ ስፋቱ 48 ሄክታር ገደማ ስለሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይዳረሳል። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ይታወቃል፤ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፦ ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋ፣ ቡዳና ሸዋ። በውስጡ 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ የወሊዮች (የሙስሊም ቅዱሳን) መካናት አሉ። ሙስሊሞች ሐረርን "የወሊዮች ከተማ" ይሏታል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ለጉብኝታችሁ ሐሙስን ምረጡ። እንደ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስላልሆነ የሁሉንም ማዕድ ታያላችሁ፤ ማታውም የዚክሪ፣ የመንፈሳዊ ውዳሴ፣ ማታ ነው።

ማለዳ፦ መድኃኔ ዓለም

ቀኑን ከቤተ ክርስቲያን ጀምሩ፤ ምእመናን ምንም ሳይቀምሱ መሳለም ልማዳቸው ነውና። መድኃኔ ዓለም የሚገኘው በከተማው እምብርት፣ ፈረስ መጋላ ላይ ነው። ነጠላ የያዘች ትከናነብ፤ ከቅጽሩ አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባ ጫማውን ያውልቅ።

እዚህ ቆማችሁ አንድ ታሪክ ልታውቁ ይገባል። ሐረር ለዘመናት በራሷ አሚሮች ስትተዳደር ኖራ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 በግብፅ እጅ ወደቀች። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ አሚር አብዱላሂን ጨለንቆ ላይ ድል ነሥተው ያዟት፤ ራስ መኰንንንም ገዥ አድርገው ሾሙ። መድኃኔ ዓለም የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ቦታ ነው። ሐረሬዎች ጨለንቆ ላይ የወደቁባቸውን ሰዎች አልረሱም፤ በባህላዊ ቤታቸው ውስጥ የሚታየው ቀይ ቀለም የዚያ ቀን ደም መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። ይህን የሚዘል የሐረር ወግ ጎደሎ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. የ2002–2003 የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ስትቀበል ቁስል ያልነበረባት ሆና አልነበረም፤ ቁስሉን እያወቁ ሰዎቿ በጉርብትና ስለጸኑ እንጂ።

ረፋድ፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ቁርስ

ለቁርስ ፈጢራ እዘዙ። በስሱ የተዘረጋ ሊጥ ከእንቁላል ጋር ተጠብሶ ማር ይፈስበታል። ሳምቡሳውና ጣፋጩ ሐልዋም በየጥጉ አለ። እነዚህ ምግቦች ሐረርን ከዘይላ ወደብ፣ ከየመንና ከሕንድ ጋር ያገናኛት የነበረውን የሲራራ ንግድ በምላስ ያስነብባሉ።

ቡናው ግን የዚሁ ምድር ነው። አዲስ አበባ ፍሬው ተቆልቶ ሲጠጣ፣ እዚህ ቅጠሉም ደርቆ ይፈላል፤ ቁጢ ይሉታል። ገለባው፣ አሸሩ፣ ከወተት ጋር ሲፈላ ደግሞ ሆጃ ይሆናል። የሐረር ገበሬ ውድ የሆነውን ፍሬ ለገበያ አውጥቶ የቀረውን ለቤቱ የሚያውልበት ብልሃት ነው። በጨው ቢቀርብላችሁ አትደንግጡ።

ከቁርስ በኋላ የካቶሊክ ሚሲዮኑን ተመልከቱ። ካፑቺን መነኮሳት የመሠረቱት ነው፤ ከእነርሱ አንዱ ሞንሴኞር ጃሮሶ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን ልጅ ተፈሪን አስተምረዋል። ከዚያ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በመኪና ግርግር በኩል ወደ ገበያው፣ ጊድር መጋላ፣ ውረዱ። በመንገዳችሁ የአርተር ራምቦ ቤት ተብሎ የሚጠራውን ታገኛላችሁ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ገብቶ በቡናና በዝሆን ጥርስ ነግዷል፤ አሁን በስሙ የሚታወቀውን ቤት ግን ከእርሱ ዘመን በኋላ ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው።

ቀትር፦ መስጊዱና ሥጋ ተራው

የዙህር አዛን ሲሰማ በጀሚዕ መስጊድ አቅራቢያ ሁኑ። መስጊዱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል። ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ ሳያስፈቅድ አይግባ፤ ካልተፈቀደለትም ሚናሬቶቹን ከውጭ ማየት ይበቃዋል።

ለምሳ የሐረሬዎችን ሑልበት መረቅ የሚያቀርብ ቤት ጠይቁ። እንጀራ በሥጋ መረቅ ይረሰርስና በላዩ ተመትቶ አረፋ የሆነ አብሽ ይደረግበታል። የአብሹን አረፋ የመኖችም "ሑልባ" ብለው ያውቁታል፤ እንጀራው ደግሞ የኛው ነው።

ጊድር መጋላ ላይ ሥጋ ተራው አለ፤ የዚህ ሁሉ ጉዞ ዋና ትምህርት ያለውም በሥጋው ዘንድ ነው። ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ይባርካል። በልማድ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ከተሞች ሉካንዳ ቤት በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተሥሎ ታያላችሁ። የግመል ሥጋ ለሶማሌውና ለሐረሬው ክብር ያለው ምግብ ነው፤ ኦርቶዶክሱ ግን አይነካውም።

ውጭ ሀገር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ መለያየት ሊመስለው ይችላል። ድግስ ሲደገስ ግን ሌላው ገጽታው ይታያል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን በግ ወይም በሬ ሙስሊም ጎረቤቱ እንዲያርድለት ይሰጣል። ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ ሳህኑም ይለያል፤ ወጡን የሚሠሩት ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ሙስሊሙም ልጁን ሲድር ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንዲሁ ያደርጋል፤ ቀኑ ጾም ከሆነ ሽሮውና ምስሩ ይታሰብበታል። ይህ በወሎም፣ በጅማም፣ በአዲስ አበባም የኖረ ወግ ነው። ማንም ከሃይማኖቱ አንዲት ነገር አይቀንስም፤ ሁሉም ግን የጎረቤቱን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል። አብሮ መኖር የሚባለው ነገር ወጪ የሚወጣበት፣ ጉልበት የሚፈስበት ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ፦ ጌ ጋር

የሐረሬዎችን ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋርን፣ ሳታዩ አትውጡ። ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ይለያል። ግድግዳው ሴቶች በሰፏቸው ያማሩ የስፌት ዕቃዎች የተሞላ ነው። ቋንቋቸው ጌይ ሲናን የአማርኛ ዘመድ ሴማዊ ቋንቋ በመሆኑ አንዳንዱን ቃል ሳትማሩት ትረዱታላችሁ። በለቅሶና በሠርግ የሚያስተሳስራቸው ማኅበር አፎቻ ይባላል፤ እናቶቻችሁ ዕድር የሚሉት ዓይነት ነው። ራስ ተፈሪ የኖሩበት ቤት ዛሬ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በየሰዉ ቤት እየዞሩ የሰበሰቧቸው ብራናዎች፣ ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች የሚገኙበት ሙዚየም ሆኗል።

ማታ፦ ዚክሪ

ሐሙስ ማታ በወሊዩ አው አባድር መካን ላይ ዚክሪ ይደረጋል። ከበሮ እየተመታ፣ ቡና እየተፈላ፣ ጫት እየተቃመ ነቢዩ ይወደሳሉ፤ ወሊዮች ይታሰባሉ። እንግዳ በትሕትና ካስፈቀደ ይቀመጣል። ጉዟችሁ ከረመዳን በኋላ ባለው ሳምንት ከዋለ ደግሞ ሸዋል ዒድ ይጠብቃችኋል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው። የከተማው ደግነት ለሰው ብቻም አይደለም፤ በዓሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርባል።

ወደምትኖሩበት ሀገር ስትመለሱ

የሐረር ልማድ ዋሺንግተንም፣ ስቶክሆልምም፣ ዱባይም ሊሠራ ይችላል። በእስራኤል ላደጋችሁም እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ የራሳቸውን እርድ ብቻ ይበሉ ነበርና። ስለዚህ ለምርቃት፣ ለሠርግ ወይም ለልደት ስትደግሱ ዳቦው ከመታዘዙ በፊት እንግዶቻችሁን ጠይቁ፦ ሥጋው በማን እጅ ይታረድ? በዕለቱ የሚጾም አለ ወይ? ለብቻው የሚያዝ ድስትስ? ከዚያም እንግዳችሁ ማዕዱን በሚያምነው ሰው አሠርታችሁ አቅርቡለት። ከወላጆቻችሁ ከምትወርሱት ሁሉ ይህ ብዙ የማያስወጣ፣ ልጆቻችሁም እያዩት የሚማሩት ውርስ ነው።