ሕፃን ሲከተብ ሕመሙን ስለማቅለል

«ሕፃን ምን ያውቃል፤ አልቅሶ ይረሳዋል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። በሠለጠነው ዓለም እንኳ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አራስ ልጅ ሕመም እምብዛም አይሰማውም የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑ ዛሬ ታውቋል።

ነገሩም እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በአቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያዎች፣ እንደ መላው አገራችን ሁሉ፣ ሕፃን እንደ ተወለደ፣ ቀጥሎም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩ ለኩፍኝ ይከተባል። እናቲቱ የልጇ ለቅሶ አንጀቷን በልቷት አንዱን ቀጠሮ ብትተው፣ ልጁ በሽታውን ያለ መከላከያ ይጋፈጣል።

እንግዲህ ሕመሙን የሚያቀልለው ምንድን ነው? የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ምክር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እናት ልጇን ጠረጴዛ ላይ ከማስተኛት ይልቅ ትቀፈው፤ ከመርፌው ጥቂት ቀደም ብላ ወይም በሚወጋበት ጊዜ ጡት ታጥባው። መጥባቱ፣ የገላዋ ሙቀትና የወተቱ ጣፋጭነት ተባብረው ሕመሙን ያበርዱታል። በአንድ ቀን ሁለት መርፌ ሲኖር፣ ባለሙያው ይበልጥ የሚያመውን ወደ መጨረሻ ያቆየው። ማስታገሻ መድኃኒት አስቀድሞ መስጠትና የሚወጋውን ቦታ ማሸት ግን አይመከርም።

እኛ ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን እኅታችንን ወይም ጎረቤታችንን ወደ ጤና ጣቢያ ስንሸኝ፣ «አቅፈሽ አጥቢው» ለማለት ሐኪም መሆን አያሻም።